ካውያው ይቆይ፦ የቅባት እድፍ ከልጆች ልብስ ላይ እንዴት ይለቃል?

ለዒድ ለየቲም ልጆች የሚሆን ልብስ በሚሰበሰብበት ጊዜ ተለይቶ ወደ ጎን የሚቀመጥ አንድ ክምር አይጠፋም። በዚህ ክምር ውስጥ ያለው ልብስ አልተቀደደም፤ ቁልፉ አልወለቀም፤ ቀለሙም አልደበዘዘም። ሆኖም በደረቱ፣ በእጅጌው ወይም በአንገትጌው ላይ የቅባት እድፍ አለበት። ታጥቦም አልለቀቀም። በመሆኑም ለልጅ ሳይሰጥ ይቀርና የወለል መወልወያ ይሆናል፤ አለዚያም ይጣላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለውን ክምር ስንለይ አብረውን ከነበሩት እናቶች አንዷ፣ ዕድሜያቸውን በዶሮ ማነቂያ የፈጁ አዛውንት፣ አንዲት ሰማያዊ የልጅ ቀሚስ አንሥተው ወደ ብርሃን ዘረጓት። ከወገቧ በላይ የመዳፍ ያህል የዘይት እድፍ ነበረባት። ከወጣቶቹ አንዱ «እማማ፣ እሷስ አትሆንም፤ ሁለት ጊዜ አጥበን ተኩሰናታል፤ አልለቀቀም» አላቸው። እርሳቸውም «መተኮሳችሁ ነው የጎዳት፣ ልጄ፤ እስቲ ስጠኝ» ብለው በፌስታል ይዘዋት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አጣጥፈው አመጧት። እድፉ ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አንደፍርም፤ በደማቅ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ለሚመረምር ሰው ስስ ጥላው ይታይ ነበር። ነገር ግን ቀሚሷን የለበሰችው የስምንት ዓመት ልጅም ሆነች በዚያ ዕለት ያዩአት ሰዎች ልብ አላሉትም።

ከዚህ ገጠመኝ የተማርነው ነገር የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ነው። የቅባትን እድፍ በልብስ ላይ የሚያጸናው ብዙውን ጊዜ ቅባቱ ሳይሆን የአጣቢው ችኮላ ነው። እድፉ ሳይለቅ የሚመጣ ኃይለኛ ሙቀት፣ በተለይም ካውያ፣ ሊለቅ ይችል የነበረውን እድፍ ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ የአሠራሩን ምክንያትና ቅደም ተከተል ማወቅ ብዙ ልብስን ከመጣል ያድናል፤ አንድ ዩኒፎርም ብቻ ያለውን ልጅም በጓደኞቹ ፊት አንገቱን ከመድፋት ይጠብቀዋል።

በአንድ ቧንቧ ዙሪያ የነበረ ትምህርት

ዶሮ ማነቂያ በአራዳ፣ በፒያሳ ልብ ውስጥ የነበረ ነባር ሠፈር ነው። የምናውቀው በጠባብ መተላለፊያዎቹ፣ ትከሻ ለትከሻ በተደጋገፉት የጭቃ ቤቶቹና በምግብ ቤቶቹ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በከተማዋ የኮሪደር ልማት ምክንያት ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የአዲስ አበባ ክፍሎች ተዛውረዋል። ስለዚህ ስለ ሠፈሩ የምንጽፈው ሁሉ ስለ ነበረ ነገር ነው።

በዚያ ሠፈር ውስጥ ቅባት ከኑሮ የማይለይ ነበር። በየደጁ ሳምቡሳ የሚጠብሱ እናቶች ነበሩ፤ በምግብ ቤቶቹ ውስጥ የሚሠሩ ወላጆች ሽርጣቸው ቅቤና በርበሬ እንደ ጠጣ ወደ ቤት ይመለሱ ነበር፤ ጋራዥ የሚውሉ ወጣቶች የሞተር ዘይት የነካውን ቱታቸውን ያመጡ ነበር። ይህ ሁሉ ልብስ የሚታጠበው ደግሞ ብዙ አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቧንቧ ዙሪያ ነበር። በመሆኑም የአንዷ አስተጣጠብ ለሌላዋ ይታይ ነበር። ወጣቷ የፈላ ውኃ ስትደፋ ያየች ባልቴት «ቆይ፣ መጀመሪያ ሳሙናውን» ትላታለች። ልጆችም ሳፋ ሲያቀብሉ ይህንኑ እየሰሙ ያድጋሉ። ማንም ትምህርት ነው ብሎ ባይጠራውም ትምህርት ነበር።

ዛሬ ብዙ ቤተሰብ በየኮንዶሚኒየሙ በሩን ዘግቶ ያጥባል። ውኃውም በፈረቃ ስለሚመጣ እጥበቱ በጥድፊያ የሚከናወንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አይቶ የሚያርም ጎረቤት በአጠገብ በሌለበት ጊዜ ያንን የግቢ ትምህርት በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ቅባት በውኃ ብቻ ለምን አይለቅም?

እንደሚታወቀው ዘይትና ውኃ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ቢጨመሩ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቢያማቷቸውም ጥቂት ቆይተው ይለያያሉ። በጨርቅ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ቅባቱ በክሮቹ መካከል ገብቶ ይቀመጣል፤ ውኃውም ዙሪያውን ያልፈዋል እንጂ አያነሣውም።

ሳሙና በሁለቱ መካከል እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ይቆማል። የሳሙና እያንዳንዱ ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት። አንደኛው ጫፍ ቅባትን ይወዳል፤ ሁለተኛው ጫፍ ውኃን ይወዳል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ በእድፉ ውስጥ ሲሰካ ውኃ ወዳዱ ጫፍ ወደ ውጭ ይቀራል። እንዲህ ያሉ ብዙ ቅንጣቶች አንዲትን የቅባት ጠብታ ከበው ከጨርቁ ያላቅቋታል፤ ከዚያም ውኃው ይዟት ይሄዳል።

ከዚህ ማብራሪያ ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ሳሙናው ቅባቱን መጀመሪያ ማግኘት አለበት። ጨርቁ አስቀድሞ በውኃ ከተሞላ ሳሙናው ቀጥኖ ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። ቀባ አድርጎ ወዲያው ማለቅለቅ ሳሙናን ማባከን ነው። ሦስተኛ፣ ቅባቱ ለስለስ ማለት አለበት። የረጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንደ ሰም ይደርቃል፤ ለብ ባለ ውኃ ግን ይቀልጣል። ቅቤ የሚቀልጠው ከሰው ገላ ሙቀት ጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የፈላ ውኃ አያስፈልገውም።

እናቶቻችን ያውቁት የነበረው እንዶድ

የፋብሪካ ሳሙና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን የሀገራችን ሰው ነጠላውንና ጋቢውን የሚያጥበው በእንዶድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲመታ አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን እርሱም እንደ ሳሙና ሁሉ ቅባት ወዳድና ውኃ ወዳድ ጫፍ አለው።

እንዶድ ከልብስ ማጠቢያነት አልፎ በዓለም የታወቀውም በልብስ እጥበት ምክንያት ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሲመራመሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የውኃው ክፍል ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ነበሩ። በዚህ ምልከታ የተጀመረው ምርምር ለዶክተር አክሊሉና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኝቷል። ማንም እንደ ተራ ነገር የሚያየው የእጥበት ሥራ አስተውሎ ለሚመለከት ሰው ምን ያህል ዕውቀት እንደያዘ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ነገር ግን እንዶድ ለቀንድ አውጣ ብቻ ሳይሆን ለዓሣም መርዝ ነው፤ ሰውም ሊውጠው አይገባም። ስለሆነም የሚጠቀምበት ሰው ዱቄቱን ከልጆች እጅና ከዓይን ማራቅ፣ እጣቢውንም ወደ ወንዝ ከመድፋት መቆጠብ ይኖርበታል።

እድፉን የሚያጸኑ አራት ስሕተቶች

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ልንርቃቸው የሚገቡትን ስሕተቶች እንመልከት።

1. ሳይለቅ መተኮስ። ካውያ በጨርቁ ላይ የቀረውን ቅባት ያቀልጠውና ወደ ክሩ ውስጥ አጥልቆ ያስገባዋል። የአትክልት ዘይት ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ከአየሩ ጋር ተባብሮ ዘይቱን ወደሚያጣብቅና ወደ ቢጫነት ወደሚያደላ ሽፋን ይለውጠዋል።

2. በአንድ ጊዜ በፈላ ውኃ ማጥለቅ። በተለይ ሥጋ፣ ወተት ወይም እንቁላል የተቀላቀለበት እድፍ በፈላ ውኃ ሲመታ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይረጋና ጨርቁን ይይዛል።

3. በረኪና መጨመር። በረኪና ቀለምን ያነጣል እንጂ ቅባትን አያነሣም። ስለሆነም ቅባቱ እንዳለ ሆኖ የልብሱ ቀለም ብቻ ይጠፋል፤ አንድ እድፍ የነበረው ሁለት ይሆናል።

4. በኃይል መፈተግ። ብርቱ ፍትጊያ ቅባቱን ወደ ዳር ያሰፋዋል፤ የጨርቁንም ፊት ያሻክረዋል። የሻከረ ጨርቅ ደግሞ እድፉ ከለቀቀ በኋላም ያደፈ ይመስላል።

የማስለቀቂያው ቅደም ተከተል

ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር በቤት ለሚታጠብ ለማንኛውም ልብስ የሚሆን ነው። የሚያስፈልገው ነገር በየቤቱ ያለ ነው፤ ይኸውም ማንኪያ፣ ጥቂት ዱቄት ወይም የሕፃናት ፓውደር፣ በተለምዶ ላርጎ የምንለው ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ ነው።

1. መጥረግ። በልብሱ ላይ የቀረውን ቅባት በማንኪያ ጠርዝ ወይም በደነዘዘ ቢላዋ በቀስታ ያንሡ። ከዳር ወደ መሐል እንጂ ከመሐል ወደ ዳር አይጥረጉ። ቅባቱ የረጋ ከሆነ ከጨርቁ በስተጀርባ ቀዝቃዛ ነገር ቢያስጠጉበት ይበልጥ ጠንክሮ በቀላሉ ይነሣል።

2. ማስመጠጥ። እድፉ ገና እርጥብ ከሆነ የበቆሎ ዱቄት፣ የተፈጨ ጠመኔ ወይም የሕፃናት ፓውደር ይነስንሱበትና ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይተዉት። ዱቄቱ ቅባቱን ይመጣል። ከዚያም አራግፈው በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ። ዱቄቱ በጣም ከወረዛ አንድ ጊዜ ይድገሙት። የቆየና የደረቀ እድፍ ከሆነ ይህን ደረጃ መዝለል ይቻላል።

3. ደረቅ ጨርቅ ላይ ሳሙና መቀባት። ልብሱን ውኃ ሳያስነኩ እድፉ በሙሉ እስኪሸፈን ድረስ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ያድርጉበት፤ በጣትዎ ወይም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በቀስታ ይሹት። በፊትም በጀርባም ይቀባ። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይተዉት። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፤ አብዛኛው ሥራ የሚሠራውም በዚሁ ነው። ፈሳሽ ሳሙና ከሌለ የልብስ ሳሙናን በጥቂቱ አርጥቦ እንደ ቅባት እስኪወፍር መለቅለቅ ይቻላል።

4. በለብታ ውኃ ማሸት። ሙቀት መለኪያ ለሌለው ሰው ቀላል ስሌት እንስጥ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አንድ ኩባያ የፈላ ውኃ ከሁለት ኩባያ የቧንቧ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ይህም ለአብዛኛው የልጆች ልብስ ተስማሚ ነው። አንድ ለአንድ ሲቀላቀል ከ50 ዲግሪ ጥቂት ያልፋል፤ ይህ ለነጭ ጥጥ ልብስና ለጠንካራ ቅባት ይሆናል። ሲቀላቅሉ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ውኃ በሳፋው ውስጥ ያድርጉ፤ ልጆችንም ያርቁ።

5. መዘፍዘፍ። እድፉ ከበረታ በዱቄት ሳሙና ውኃ ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይዘፍዝፉት። አንዳንዶቹ የዱቄት ሳሙናዎች ቅባትን የሚፈጭ ኢንዛይም አላቸው። ኢንዛይም በለብታ ውኃ ይሠራል፤ በፈላ ውኃ ግን ይሞታል። የማሸጊያው ጽሑፍ ኢንዛይም እንዳለበት ከገለጸ በፈላ ውኃ አይዘፍዝፉበት።

6. ማለቅለቅና በጥላ ማስጣት። ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ ሳይተኩሱ በጥላ ያስጡት። እርጥብ ጨርቅ ሁሉ ስለሚጠቁር የቅባት እድፍ መልቀቅ አለመልቀቁ የሚታወቀው ሲደርቅ ብቻ ነው።

7. መመርመርና መድገም። በደረቀው ጨርቅ ላይ ጥላው ከታየ ከሦስተኛው ደረጃ ይጀምሩ። የቆየ እድፍ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ቢጠይቅ አያስገርምም። ካውያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ውኃ በጀሪካን ለሚቆጥቡ ቤተሰቦች ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ውኃ አይፈልጉም። እድፉ ካልለቀቀ የሚደገመው እድፉ ያለበት ቦታ ብቻ እንጂ ልብሱ በሙሉ አይደለም፤ ለዚያም አንድ ጎድጓዳ ሳሕን ውኃ ይበቃል።

ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም

ቅቤና የረጋ ዘይት። እነዚህ በለብታ ውኃ ስለሚቀልጡ ከላይ የተዘረዘረው አሠራር በደንብ ያስለቅቃቸዋል። ክትፎ የፈሰሰበት ልብስ ግን ቅቤ ብቻ ሳይሆን የሥጋ ደምም አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ደሙን ማስለቀቅ፣ ልብሱ ደርቆ ሳሙና ከተቀባ በኋላ ወደ ለብታው መሄድ ይገባል።

የኑግ፣ የተልባና የሱፍ ዘይት። እነዚህ ዘይቶች ከአየር ጋር ሲገናኙ በዝግታ የመድረቅ ጠባይ አላቸው። ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በተልባ ዘይት የሚለውሱት ስለዚሁ ነው። በመሆኑም የኑግ ዘይት እድፍ በሳምንት ውስጥ ከተያዘ ይለቃል፤ ወራት ከቆየ ግን እንደ ቀለም ቅብ ይደርቃል። ለእንዲህ ያለው የቆየ እድፍ ጥቂት ግሊሰሪን ወይም አዲስ የምግብ ዘይት ቀብቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያም ሳሙናውን መቀባት ይረዳል። በቅባት ላይ ቅባት መጨመር እንግዳ ቢመስልም አዲሱ ቅባት የደረቀውን ያለሰልሰዋል።

ወጥ። የበርበሬ ቅላት በውኃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሟ ነው። ስለዚህ ቅባቱ ሳይለቅ ቅላቱ አይለቅም። ቅባቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ብርቱካናማ ጥላ ፀሐይ ታደበዝዘዋለች። በእርድ የተሠራ አልጫ ደግሞ ሳሙና ሲነካው ከቢጫነት ወደ ቀይነት ይለወጣል። ይህን አይተው የሚደናገጡ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን እርዱ ከሳሙናው ጋር ሲገናኝ ቀለሙን መለወጡ እንጂ ሌላ አይደለም፤ በደንብ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል፤ ቢጫነቱንም ፀሐይ ትወስደዋለች። እዚህ ላይ ልብ ይባል፤ ፀሐይ የምትጠቅመው ቅባቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ቫዝሊን። በልጆች አንገትጌና እጅጌ ላይ የሚታየው ጥቁር እድፍ ብዙውን ጊዜ ቫዝሊንና አቧራ ነው። ቫዝሊን ከነዳጅ የሚገኝ ስለሆነ ኢንዛይም አይፈጨውም፤ ለመለስለስም ከቅቤ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ለእርሱ ፈሳሽ ሳሙናውን አብዝቶ መቀባት፣ ጨርቁ ከፈቀደም አንድ ለአንድ በተቀላቀለው ውኃ ማሸት ይሻላል።

የሞተር ዘይትና ግሪስ። ቅባቱ በዚሁ አሠራር ይወጣል፤ መጀመሪያ ጥቂት የምግብ ዘይት ቀብቶ ማሸትም ያግዛል። ሆኖም ያገለገለ የሞተር ዘይት ጥቀርሻ ስለሚይዝ ግራጫ ጥላ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለውን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይጠቡ።

ጨርቁን ማወቅ

ጥጥ ሙቀትንና ማሸትን ይችላል። ፖሊስተር ግን በጠባዩ ውኃን የሚገፋ ቅባትን የሚስብ ስለሆነ እድፉን አጥብቆ ይይዛል። ብዙው የተማሪ ዩኒፎርም ፖሊስተር ያለበት በመሆኑ የቅባት እድፍ በዩኒፎርም ላይ የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሙቀት መጨመር ሳይሆን ሳሙናውን ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ነው። ሹራብ በለብታ ውኃ ተጫን ተጫን ተደርጎ ይታጠባል እንጂ አይፈተግም፤ አይጠመዘዝም። ጥልፍ ወይም ጥበብ ያለው ልብስ ከመታጠቡ በፊት የማይታይ ጠርዙን በሳሙና ውኃ አርጥቦ በነጭ ጨርቅ መጫን ይገባል። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ጥበቡ ይለቃል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ለባለሙያ መስጠት ይመረጣል።

ሕይወትን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ

ቅባትን በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ማስለቀቅ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። እነዚህ ነገሮች ቅባትን የሚያሟሙ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን የቤንዚን ተን ከዓይን ተሰውሮ በወለል ላይ እየተሳበ ራቅ ብሎ ወዳለ የከሰል ማንደጃ ወይም ሻማ ሊደርስና በቅጽበት ሊቀጣጠል ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ በሚበሰልበት፣ በሚታጠብበትና በሚተኛበት ቤት አደጋው እጥፍ ይሆናል። በነጭ ጋዝና በናፍጣ የታጠበ ልብስም ሽታውና ቅሪቱ የልጅን ቆዳ ይጎዳል፤ ለእሳትም ያጋልጠዋል። አንድም ቀሚስ፣ አንድም ሱሪ ለዚህ አይበቃም። በፈሳሽ ሳሙና ሦስት ዙር የሚፈጀው ጊዜ ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

እንዲሁም በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ሲቀላቀሉ ክሎሪን የተባለ ሳንባን የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በስሕተት ከተቀላቀለ ወዲያው በርና መስኮት ከፍቶ ልጆችን ይዞ ወደ ውጭ መውጣት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም

ውድ አንባቢያን፣ ከላይ ያየነው ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል፤ ይኸውም መጀመሪያ መጥረግ፣ ቀጥሎ በደረቁ ሳሙና፣ ከዚያ ትዕግሥት፣ ከዚያ ለብታ ውኃ፣ በመጨረሻም ካውያ የሚለው ነው።

ለየቲም የሚሰጥ ልብስ እኛው ልጃችንን አልብሰን ደጅ ልናወጣበት የምንደፍረው መሆን አለበት ብለን እናምናለን። ልጅ የተሰጠውን ልብስ ሲቀበል ጨርቁን ብቻ አይቀበልም፤ ሰዎች ስለ እርሱ ምን እንደሚያስቡም በዚያው ያነብበዋል። እድፍ ያለበትን ልብስ ሳይሞክሩ መጣል ብክነት ነው፤ እድፍ እንዳለበት መስጠትም ልብ ይሰብራል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አንድ ጠብታ ሳሙናና የሦስት ቀን ትዕግሥት ነው። ስለዚህ ልብስ ለመለገስ ያሰባችሁ ሁሉ ካርቶኑን ከመዝጋታችሁ በፊት እያንዳንዱን ልብስ በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ እንድትመለከቱ፣ እድፍ ካገኛችሁም ሳትተኩሱ ከላይ የተገለጸውን እንድትሞክሩ እንጠይቃለን። ማስለቀቅ ያልቻላችሁትንም ሳትተኩሱ ለይታችሁ አምጡት፤ በጋራ እንሞክረዋለን።

ያቺ ሰማያዊ ቀሚስ ከመጀመሪያዋ ባለቤት ወደ ሁለተኛዋ፣ እርሷም ስታድግ ወደ ታናሽ እህቷ ተላልፋለች። እማማም ሠፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማዋ ዳር ከተዛወሩ በኋላ በአዲሱ መኖሪያቸው ደረጃ ሥር ሳፋቸውን አስቀምጠው የጎረቤት ልጆችን ዩኒፎርም ያያሉ። «ካውያው ይቆይ» የሚለው ቃላቸው ከዶሮ ማነቂያ ግቢ ወጥቶ በእናንተም ቤት እንዲሰማ ምኞታችን ነው፤ ኢንሻአላህ።